በባሏ ስም የገባ ሩዝ

ኅዳር 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

የሩዝ አጨዳው ተጋምሷል። ፎገራ ሜዳ በዚህ ሰሞን ያልታጨደው ቢጫ፣ የታጨደው ደግሞ አረንጓዴ ነው፤ ገበሬው ሩዙ ከመታጨዱ በፊት ከሥሩ የበተነው ጓያ ብቅ ብቅ ብሏል። ርብና ጉማራ በክረምት ያጥለቀለቁት ጥቁር አፈር እርጥበቱን ቶሎ ስለማይለቅ በአንድ ማሳ ሁለት እህል ይገኛል። እኔ የመጣሁት ግን መዝገብ ለማየት ነው። ሥራዬ የህብረት ሥራ ማህበራትን ሂሳብ መመርመር ነው። ሜዳው ፎገራን፣ ደራንና ሊቦ ከምከምን ስለሚያዳርስ ከሦስቱ ወረዳዎች በአንዱ ነው ያለሁት ብዬ ልለፈው። የቀበሌውንም የማህበሩንም ስም አልጠራም። መዝገቡ ውስጥ ያለው ጉድ የዚህ ማህበር ብቻ ስላልሆነ አንዱን ነጥሎ ማሳጣት ደግ አይደለም።

የአባላት መዝገቡ ጠንካራ ልባስ ያለው ሰማያዊ ደብተር ነው፤ ጠርዙ ላይ የማዳበሪያ ብናኝ ተጋግሮበታል። የሴቶችን ስም እየፈለግሁ ገጽ በገጽ ወረድኩ። አሉ። ከእያንዳንዳቸው ስም አጠገብ ግን በእርሳስ የተጫረ ነገር አለ፦ «ባል የሞተባት»፣ «ፈት»፣ «ባል የሞተባት»፣ «በውርስ የተተካች»። ባል እያላት በራሷ ስም የተመዘገበች ሴት ማግኘት ፈተና ሆነብኝ። በመጨረሻ አንዲት ባለትዳር አገኘሁና ደስ ሲለኝ የሊቀመንበሩ ሚስት ሆና ተገኘች።

ጸሐፊውን ጠየቅሁት። ትሁት ወጣት ነው፤ ሂሳቡም የተጣራ ነው፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

«አባወራና እማወራ እኮ አንድ ናቸው። አባወራው ከገባ ቤቱ ገባ ማለት ነው» አለኝ።

«መተዳደሪያ ደንቡ እንዲህ ይላል?»

«ደንቡስ አይልም። ቅጹ ነው።»

የአባልነት ማመልከቻ ቅጹን አወጣልኝ። የመጀመሪያው መስመር «የቤተሰብ ኃላፊ ስም» ይላል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የህብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ 147ም ሆነ በ2009 የተካው አዋጅ 985 አንድ አባል አንድ ድምፅ ይላሉ እንጂ አንድ ቤት አንድ ድምፅ አይሉም። አዋጅ የፈቀደውን ቅጽ ሲከለክለው በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቅጹን ማን እንዳዘጋጀው ግን የሚያውቅ አልተገኘም፤ «ከላይ የመጣ ነው» ተባልኩ።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ አጨዳ የለም። ረቡዕ ስለዋለ ቅዳሴው የወጣው ከቀትር በኋላ ነው። ሴቶቹ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ የወሩ ተረኛ ዳቦዋንና ጠላዋን አቅርባለች። እኔንም ጎትተው አስቀመጡኝ።

እዚህ ከተቀመጡት መካከል ማህበር የሌላት የለችም። የሚካኤል ማህበሩ ይኸው ነው። እድር አለ፣ እቁብ አለ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የአረም ወንፈል አለ። ደብተር ሳይኖር ማን ምን እንዳዋጣች፣ ማን የማን ማሳ ላይ ስንት ቀን እንደዋለች ሁሉም በቃሏ ታውቃለች። የገጠር ሴት የመደራጀት ግንዛቤ ይጎድላታል የሚል የሥልጠና ጽሑፍ በየቢሮው ተጠርዞ ተቀምጧል። ጸሐፊዎቹ ጠበል ጻዲቅ ቀምሰው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ስለ ገበሬዎቹ ማህበር ሳነሳ አንዲት ጠና ያሉ እናት ሳቅ አሉ።

«እኔ ወልባ ነበርኩ ልጄ።»

ወጣቶቹ ወልባ ምን እንደሆነ አያውቁም። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠር መሬትን የመንግሥት አድርጎ ለአራሹ ካከፋፈለ በኋላ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ገበሬውን ወደ አምራች ህብረት ሥራ ማህበራት ያስገባ ጀመር። ደረጃ ነበራቸው። በመልባ መሬት ይዋሃዳል፤ በወልባ በሬውና ሞፈሩም የጋራ ይሆናል፤ ወላንድ ደግሞ ወልባዎች የሚጠቃለሉበት ከፍተኛው እርከን ነበር። የሥራ ዋጋ የሚታሰበው በነጥብ ነው። የዓመቱ ምርት ተሰብስቦ ለመንግሥት የሚሸጠው ኮታ ከተነሳ በኋላ የቀረው በነጥብ ልክ ይከፋፈላል።

«ጡሩንባ ሲነፋ እንወጣለን» አሉ እናታችን። «ወንዱ ያርሳል፣ እኛ እናርማለን። ያረሰ ነጥቡ ይበዛል፤ ያረመ ያንሳል። እኔ ልጅ አዝዬ አርማለሁ። ልጁ ሲያለቅስ ወጣ ብዬ ሳጠባ፣ ነጥብ ያዡ አይቶ ይቀንሳል። ማታ ሄጄ እንጀራ እጋግራለሁ፤ የእሱ ነጥብ የለውም።»

«ነጥቡስ በእርስዎ ስም ነበር የሚያዘው?»

«በባሌ ስም ነዋ! የእኔ ስም የት ይገባል? የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማህበር ስብሰባ ላይ ነው ስሜ የሚጠራው፤ እዚያ ደግሞ መዋጮ እንጂ ነጥብ የለም።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸው አልሳቁም። የካቲት 1982 ላይ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጀ፤ ገበሬው ከማህበሩ መውጣት ተፈቀደለት። በብዙ ቦታ ማህበራቱ ለመፍረስ ሳምንታት አልፈጀባቸውም። እዚህም በሬው፣ ሞፈሩ፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሳይቀር በዚያው ሰሞን ተከፋፈለ። የሳቸው ቤት አንድ ወይፈን ደረሰው። ለእሳቸው በግላቸው ምን እንደደረሳቸው ስጠይቅ ጥቂት አሰቡና «ዶማ» አሉ። ዶማዋ ዛሬም ቤት ውስጥ አለች አሉኝ።

በዚህ ሜዳ ሩዝ ራሱ የመጣው ከእነዚያ ማህበራት ጋር ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ሲሞክሩ ከሞከሩባቸው አምራች ማህበራት መካከል ደራ ውስጥ ጅግና፣ ፎገራ ውስጥ ሻጋ ይገኙበታል። ገበሬው እስካሁን የሚዘራው ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ማህበሩ ፈርሶ ዘሩ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሩዝ በጤፍ ላይ እየተቀላቀለ እንጀራ ሆነ፤ ጠላና አረቄም ሆነ። ያንን ሁሉ ያለማመዱት፣ ስንት እጅ ሩዝ በስንት እጅ ጤፍ እንደሚያምር በምጣድ ላይ የፈተኑት ሴቶች ናቸው። ይህን የሚመዘግብ ነጥብ ያዥ አልነበረም።

ልነሳ ስል እናታችን እጄን ያዝ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ማህበሩ ምን አደረገኝ ብዬ እጠላዋለሁ? ጸሐፊው ነው እንጂ ያልጻፈኝ።»

ኅዳር 16

ወደ ማህበሩ ሱቅ ዘይትና ስኳር ገብቷል። ሰልፉ ሴት ብቻ ነው። ሁሉም የባሏን የአባልነት ደብተር ይዛለች። ጸሐፊው ስም ሲጠራ የወንድ ስም ይጠራል፤ «አቤት» የምትለው ሴት ናት። ወረፋ የያዘች አንዲት ቀልደኛ ዞር ብላ «ዛሬስ እኔ ነኝ አባወራው» አለችኝ።

ለብዙዎቹ ማህበሩ ማለት ይኸው መስኮት ነው። ዘይት ሲመጣ ይመጣሉ። ማዳበሪያ ሲመጣ ባሎቻቸው ይመጣሉ።

ኅዳር 24

ዛሬ ወደ አውድማ ወረድኩ። ሩዙ ደረሰኝ ሆኖ ቢሮ ከመድረሱ በፊት ምን እንደሚሆን ማወቅ ስለፈለግሁ ነው።

አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። ባልየው በሬዎቹን ያስኬዳል፤ ልጁ በመንሽ ያገላብጣል፤ ነፋስ ሲመጣ በላይዳ ያዘራሉ። ሚስትየው የወደቀውን በሰፌድ ታጠራለች። የአራት ልጆች እናት ናት፤ «እትዬ» እያለች ታናግረኛለች። መሬታቸው ሦስት ጥማድ ነው፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር መሆኑ ነው።

ሩዙ የማን ሥራ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እዚህ አብዛኛው ሩዝ የሚዘራው በብተና ነው። በመስመር ስላልሆነ አረሙን ለይቶ በእጅ ከመንቀል ሌላ መንገድ የለውም። ሐምሌና ነሐሴ ከጉልበት በላይ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚታረመው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የአልቅት ጠባሳ አሳየችኝ። ምሽት ላይ ደግሞ ወባው አለ። ሩዙ ሲያሽት ወፍ የሚጠብቁት እሷና ልጆቿ ናቸው። ባሏን ማማት አልፈለገችም፤ «እሱም በሬው ኋላ ይሞታል» አለች።

ከቀትር በኋላ ደላላው በሞተር መጣ። የራሱን ሚዛን ይዟል። ዋጋው ማህበሩ ከሚሰጠው ዝቅ ያለ ነው፤ ሚዛኑም እንደማይታመን ሁሉም ያውቃል። ግን ገንዘቡ በኪሱ ነው። ማህበሩ ሩዙን ተረክቦ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ብሩ የሚከፈለው በካዝናው ካለ ዕለቱን፣ ከሌለ ማህበራቱን ያቀፈው ዩኒየን ሲከፍል ነው። ባልየው ከፊሉን ለደላላው ሸጠ፤ ቀሪውን ለማህበሩ አስቀረ። አስተዋይ ሰው ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ ስላለበት ማህበሩን ማስቀየም አይፈልግም።

ባልየው ሲርቅ ጠየቅኳት፦ «አንቺስ በራስሽ ስም አባል ብትሆኚ?»

«ምን አገኛለሁ?»

ይህ ጥያቄ ስልታዊ እምቢታ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሂሳብ ነበር። በጣቷ ቆጥራ አስረዳችኝ። ሩዙ ቤት ሲገባ በጎተራ ይቀመጣል። በየገበያው አንድ ሁለት ቁና ቀድታ ትሸጣለች፤ በዚያ ጨው፣ ሳሙና፣ የልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የእቁቧ መዋጮ ይወጣል። ማንም አይጠይቃትም። ሩዙ በሙሉ ለማህበሩ ከሄደ ግን በኩንታል ተመዝኖ ሄዶ በአንድ ላይ ብር ሆኖ ይመለሳል፤ ያ ብር የሚገባው የመዝገቡ ስም ባለቤት እጅ ነው። አንዴ እጁ ከገባ ደግሞ በሬ ይገዛል፣ ቆርቆሮ ይገዛል። «ክፉ ነገር አያደርግበትም። ግን ጨው ልግዛ ብዬ መለመን ነው።»

ከዚያም እንዲህ አለች፦ «ኩንታሉ የእሱ ነው፤ ቁናው የእኔ ነው። ማህበሩ የሚያውቀው ኩንታል ብቻ ነው።»

ኦዲተር ሆኜ ስንት ሪፖርት ጽፌአለሁ፤ ማህበሩ ለአባላቱ የተሻለ ዋጋ አስገኝቷል የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዤዋለሁ። እውነት ነው፤ አስገኝቷል። ያ የተሻለ ዋጋ ቤት ሲገባ ከየትኛው ኪስ ወጥቶ ወደ የትኛው እንደሚዛወር ግን ሪፖርታችን ውስጥ ቦታ የለውም። ይህች ሴት ማህበሩን የምትሸሸው ጥቅሙ ስላልገባት አይደለም። በደንብ ገብቷታል፤ ጥቅሙ ለቤቱ ሆኖ ኪሳራው ለእሷ እንደሆነ አስልታ ጨርሳለች።

«የራሴ ደረሰኝ ቢኖረኝስ ብለሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ያቺን ሁለት ቁና አጠራቅመሽ በራስሽ ስም ለማህበሩ ብታስረክቢ?»

«ይሆናል እንዴ?» አለችና ወደ በሬዎቹ አየች። «ቢሆንማ በሚዛን ነው የምሸጠው። ገበያ ላይ ነጋዴው ቁናዋን ሲሰፍር በክንዱ ጠረግ ያደርጋታል፤ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይቻለሁ። እናቴ ያንን ክንድ ስትረግም እየሰማሁ አድጌአለሁ።

ታህሳስ 5

ማህበሩ ውስጥ ካሉት ሴት አባላት አንዷ ገንዘብ ያዥ ናት። ከባሏ የተፋታች፣ ድርሻዋን መሬት በፍርድ ቤት ተከራክራ ያስለየች ሴት። መሬት ቢኖራትም አታርስም፤ ሴት ሞፈር አትጨብጥም የሚለው ልማድ እዚህ አልላላም። ከዚሁ ሜዳ ብዙም ሳይርቁ የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሴቶች ሲያርሱ ሰማይ እንዳልተናደ ሁሉም ያየዋል፤ ግን «እነሱ ሌላ ናቸው» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ መሬቷን በመጋዞ ሰጥታለች። አራሹ ምርቱን ያካፍላታል፤ ግማሽ ይባላል እንጂ ዘሩና ማዳበሪያው በእሷ ከሆነ በኋላ ግማሹ ግማሽ አይደለም።

ስለ ማህበሩ ያላት አስተያየት ከአውድማዋ ሴት የተለየ ነው፤ ደጋፊ ናት፣ ያውም ኃይለኛ። ምክንያቷን ስትነግረኝ ካዝናዋን እየቆለፈች ነበር፦

«አራሹ አውድማ ላይ ሲሰፍር እኔ ሴት ስለሆንኩ ያጭበረብረኛል። እዚህ ግን አምጣና በሚዛን እንካፈል እለዋለሁ። ሚዛኑ ሴት ወንድ አያውቅም። ደረሰኜን ይዤ እሄዳለሁ። በዚህ ቀበሌ ወረቀቴ ከወንድ ወረቀት እኩል የሆነበት ቦታ ይኸ ብቻ ነው።»

ገንዘብ ያዥ እንዴት ሆነች? ጉባኤው «ሴት አትሰርቅም» ብሎ በጭብጨባ መረጣት። ሊቀመንበርነት ሲነሳ ስሟን የጠራ የለም። ሊቀመንበር ባሕር ዳር ዩኒየን ይሄዳል፣ ያድራል፣ ወረዳ ተጠርቶ ሲመሽበት ይመለሳል። ሴት ስታድር ደግሞ ወሬ አለ። «ብሩን አምነው ሰጡኝ፤ ወንበሩን አላመኑኝም» አለች። ካዝናውን ቆጠርኩ። ሳንቲም አልጎደለም።

የአባልነት ነገር ሲነሳ ሴቶቹን የሚያስፈራ ሌላም እንዳለ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ዕዳ። ከዓመታት በፊት ማዳበሪያ በብድር ሲታደል ዝናብ የከዳቸው ገበሬዎች መክፈል አቅቷቸው በሬ የተወሰደባቸው ነበሩ። በሬው ሲነዳ በር ላይ ቆማ ያየችው ሚስት ፊርማ ሲባል ዛሬም ትደነግጣለች። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ብድር ሲሰጥ በቡድን ዋስትና ነበር፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይያያዝ ነበር። ማህበሩም እንዲህ ያለ ነገር ይመስላቸዋል። አባል ኃላፊነቱ በገዛው ዕጣ ልክ የተወሰነ መሆኑን ያስረዳቸው ሰው የለም። ስብሰባው ላይ ተነግሯል ተባለ። ስብሰባው ላይ እነሱ አልነበሩማ።

ታህሳስ 20

በገብርኤል ማግስት ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ ዋልኩ። ክርክራቸውን እንደ ወረደ ልጻፍ፤ ሁሉም ቂል አይደለምና።

«አንድ ቤት ሁለት አባል ከሆነ ዕጣ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። የሚመጣው ሩዝ ያው አንድ ነው። ትርፍ የሚከፋፈለው በዕጣውና ባስረከብነው ልክ ከሆነ ቤቱ ምን ጨመረለት?» አለ አንዱ። ትክክል ነው፤ ቤቱን ብቻ ካየን ብዙም የጨመረለት የለም። ቤት ግን ዕጣ አይገዛም፣ ጉባኤም ላይ እጅ አያወጣም። ሰው ነው የሚያወጣ።

ሌላው ሽማግሌ ነገሩን አዞሩት፦ «የመሬት ደብተር ሲሰጠን የሚስትህን ፎቶ አምጣ አሉን። አጉረመረምን። አሁን ያለ እሷ ፊርማ መሬቱን ማከራየት አልችልም። ምን ሆንኩ? ምንም።» በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና ሚስቱን ስምና ፎቶ ጎን ለጎን ይይዛል። መሬቱን በሁለት ስም የጻፈች አገር ከዚያው መሬት የሚታጨደውን ሩዝ በአንድ ስም ስትጽፍ ማንም ግራ አልገባውም፤ እኔን ጨምሮ ብዙ ኦዲተሮች በዚያ ገጽ ላይ ማኅተም አሳርፈንበታል።

ጥር 6

የሪፖርት ቀን። ቅጹ «ሴት አባላት ብዛት» የሚል ሣጥን አለው። ባለፈው ዓመት በዘመቻ ብዙ ሴቶች ተመዝግበው ነበር፤ ቁጥሩ ዘልሎ ታይቷል። ዛሬ ስሞቹን ከዕጣ መዝገቡ ጋር አመሳከርኩ። አብዛኞቹ አንድ ብር አልከፈሉም፤ ደንቡ የሚሰጣቸው መብት የለም፤ አንዳንዶቹ መመዝገባቸውንም አያውቁም። አንዷን ደጇ ድረስ ሄጄ ስጠይቃት «የልማት ቡድን ስብሰባ መስሎኝ ነው የፈረምኩት» አለችኝ። ያዘመተው መሥሪያ ቤት ግን ቁጥሩን ወስዶ ተሸልሞበታል።

ቁጥሩን ቀነስኩት። ከፍለው ዕጣ የያዙትን ብቻ ጻፍኩ። ሣጥኑ ውስጥ የገባው አኃዝ ትንሽ ሆኖ የሚያሳፍር ነው፤ ግን እውነቱ ነው። ከሥሩ በሚገኘው የአስተያየት ቦታ ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀረብኩ። ቅጹ «የአመልካች ስም» ይበል፤ ደረሰኙ ላይ ከአባሉ ስም ሌላ ያስረካቢው ስም ይጻፍና ክፍያው ላስረከበው ሰው ይሁን፤ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው አባል መሆን ይችሉ፣ ዕጣውንም በየጊዜው ከፋፍለው ይክፈሉ። ስብሰባው የሚጠራበት ሰዓትም ይታሰብበት አልኩ። ጠዋት ውሃ ይቀዳል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ከብት ይለቀቃል፤ ጠዋት የተጠራ ስብሰባ የወንድ ስብሰባ ነው።

የካቲት 3

ጉባኤው እሑድ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ተጠራ። የኦዲት ሪፖርቴን አነበብኩ፤ ስለ ጆንያ ጉድለት ብዙ ተጨቃጨቁ፤ ስለ ትርፉ አጨበጨቡ።

ሴቶቹ መጥተዋል። ከኋላ ተቀምጠዋል። የሚበዙት አባል ስላልሆኑ ስለ እነሱ ሲወሰን እጅ ማውጣት አይችሉም። ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ሲያነብ መጀመሪያ የተነሳችው ተቃዋሚ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት አባል። እኔ ከወንድ ነበር የጠበቅሁት።

«ዘይትና ስኳሩስ? አንድ ቤት ሁለት አባል ከሆነ ሁለት ጊዜ ይወስዳል። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ለእኔ ምን ይተርፋል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሪፖርቴ ላይ አላሰብኩትም ነበር። ጸሐፊው መለሰ፦ ማዳበሪያ የሚታደለው በመሬት ልክ ነው፤ ዘይትና ስኳሩ ደግሞ በቤት እንጂ በአባል እንዳይታደል በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ሴትየዋ ይህ ተጽፎ ካልተነበበ አልቀመጥም ብላ ቆመች። ተጽፎ ተነበበ። ተቀመጠች።

ከዚያ ገንዘብ ያዥዋ ተነሳች። ረጅም ንግግር አላደረገችም። አንዲት ሴት ከኋላ አስነሳችና «ባለፈው ወር በዚህ ሚዛን ስንት ኩንታል አስመዘንሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «ሦስት።» ደረሰኙን ከፍ አድርጋ አሳየች። የባሏ ስም ነው። ባሏ ያን ዕለት ባሕር ዳር እንደነበር ሁሉም ያውቃል። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ባልየው ራሱ ሳቀ።

ድምፅ ተሰጠ። ቅጹ ይቀየር የተባለው አለፈ። ያስረካቢ ስም በደረሰኝ ላይ ይጻፍ፣ ክፍያውም ላስረከበው ይሁን የተባለው በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። የባልና ሚስት አባልነት ግን ዕጣው በስንት ጊዜ ይከፈል በሚለው ላይ ስላልተስማሙ ለሚመጣው ዓመት ጉባኤ ተላለፈ። ወልባ የነበሩት እናት ከኋላ ሆነው «እስከዚያ እኔን ማን ያቆየኛል?» አሉ፤ መልስ የሰጣቸው የለም።

በየወረዳው የህብረት ሥራ ማህበራትን የምታደራጁና ሂሳብ የምትመረምሩ ባልደረቦቼ ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። የእናንተም ማህበራት ጉባኤ የሚጠሩት በዚሁ ሰሞን ነው። ጉባኤው ከመጠራቱ በፊት ከደረሰኝ ጥራዙ ላይ ጥቂቱን አውጡና ሩዙን፣ ጤፉን ወይም ቡናውን ተሸክሞ ሚዛን ላይ ያወጣው ማን እንደነበር ሚዛን ያዡን ጠይቁት። የሚነግራችሁን ስም ደረሰኙ ላይ ካለው ስም ጎን ጻፉና ለጉባኤው አንብቡት።